ኩሬ ማጠንፈፍ፦ ከየካቲት እስከ ጥቅምት

የካቲት 4፣ 2010፣ እሑድ

ነገ ሁዳዴ ይገባል። የቅበላው ዶሮ ተበልቶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ አባቴ «ና እስቲ፣ ኩሬዋን እያት» አለኝና ወጣን። ያየሁት ደስ አይልም። ዳር ዳሩን ፊላ ወርሶታል። መሐሉ አረንጓዴ ለብሷል። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ከሥሩ ወዳለው ደለል ዱላ ብሰድ ግን ዱላው ወገቤ ድረስ ጠቁሮ ወጣ።

ቤተሰቦቼ ያሉት ሜጫ ነው፣ ከመራዊ ብዙም ሳይርቅ። እኔ ባሕር ዳር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ኩሬዋ የተቆፈረችው በ1996፣ በውሃ ማቆር ዘመቻ ጊዜ ነው። ያኔ ጉድጓድ ያልቆፈረ ገበሬ እንደ ሰነፍ ይታይ ነበር። 12 በ12፣ ጥልቀቷ 3 ሜትር፣ ውስጧ ጥቁር ፕላስቲክ። እኔም ተማሪ ሆኜ ቆፍሬያለሁ፣ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ አንድ ሳምንት እስክሪብቶ አልያዝኩም። ፕላስቲኩን ፀሐይና የከብት ኮቴ በሦስት ዓመት ጨረሱት። የተረፈውን አባቴ ገፎ የገለባ ክምር አለበሰበት። ደግነቱ ደለሉ ራሱ ሥሯን ደፈነውና ውሃ መያዟን አልተወችም። በኋላ የቆጋ መስኖ ቦይ በአጠገባችን ሲያልፍ በበጋም ሳትደርቅ ቀረች።

በ2003 አንድ የግብርና ባለሙያ 60 ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት አምጥቶ ጨመረባት። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አለ፣ ዓሣ ደግሞ የለም። ልጆች በአሮጌ አጎበር ሲጠልፉ የሚያወጡት ከአመልካች ጣት አይበልጥም። አባቴ «ዘሩ ነው እንጂ የማያድግ» ይላል። እኔ ደግሞ ዘሩ ሳይሆን ብዛቱ ነው ባይ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ እየተዋለደ እርስ በርሱ ምግብ እየተሻማ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው፦ ማጠንፈፍ፣ ማድረቅ፣ ቅርጿን ማስተካከል፣ አንድም ሳይቀር አሮጌውን አውጥቶ በአዲስ ጫጩት መጀመር።

የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ወስጃለሁ። አሥር የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ማታ ከእናቴ ጋር ስንቆጥር ግን ነገ አቦ፣ ረቡዕ ሥላሴ፣ የሚቀጥለው ሰኞ ሚካኤል፣ የመጨረሻው ዓርብ ደግሞ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሆነው ተገኙ። አራቱን ቀን ዶማ የሚያነሣልኝ ሰው የለም። ቅዳሜና እሑድማ አይነሣም። ባሕር ዳር ሆኜ ቀን ስቆጥር የቀን መቁጠሪያውን የበዓል ገጽ አላየሁትም ነበር።

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

የውሃ ሞተር በኪራይ አመጣን። ሞተሩ ተገኘ፣ ቤንዚን ጠፋ። ማደያው በጄሪካን አልቀዳም አለ። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጡት ልጆች በእጥፍ ገዛን።

የሞተሩ መምጠጫ በየአሥር ደቂቃው በፊላና በአልጌ ይታፈናል። ታናሽ ወንድሜ የጤፍ ወንፊት ሊጠቀልልበት አመጣ። እናቴ ስታየው የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም። በመጨረሻ ጎኑ በምስማር በተበሳሳ አሮጌ ባልዲ ውስጥ ከተትነው፣ ሠራ። ውሃውን ወደ ማንጎውና ወደ ጌሾው ለቀቅነው፣ እሱን የመሰለ ማዳበሪያ የለም።

ሁላችንም ቦቲ ጫማ አድርገናል። ወንድሜ ሳቀብኝ። ግን ዳር ዳሩ ላይ ፊላው ሥር ቀንድ አውጣ ሞልቷል፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ደግሞ እንዲህ ባለ ረጋ ያለና አረም የበዛበት ውሃ ዳር የሚኖረው ዓይነት ቀንድ አውጣ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ስለማልችል ሁሉንም ጠላት አድርጌ ይዣለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ውሃው ወደ መሐል ሲሰበሰብ ወለሉ መፍላት ጀመረ። ዓሣ ነው። የጎረቤት ልጆች ጮኸው ገቡ።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ትናንት ሥላሴ ስለነበር ቆሞ የዋለው ሥራ ዛሬ ቀጠለ። በቅርጫትና በአጎበር እያወጣን በገንዳ ሞላን። መቁጠር የጀመርኩት ለጉጉት ነው፣ ስምንት መቶ ስደርስ ተውኩት። ትልቁ የመዳፌን ያህል ነበር። የቀረው ሁሉ ጣት፣ ጣት፣ ጣት።

አባቴ ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ ያያቸዋል። «እነዚህ እኮ ገና ልጆች ናቸው። ምናለ አንድ ዓመት ብትታገሣቸው?»

አንዷን አንሥቼ አፏን በአውራ ጣቴ ከፈት አደረግኩት። ቢጫ እንቁላል ሞልቷል። ከዳጉሳ ተለቅ፣ ከማሽላ አነስ ያለ ፍሬ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን የምታቅፈው በአፏ ነው፣ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ልጆቿን እዚያው ትሰበስባለች። አፏ ሞልቶ እያለ አትበላም። ጣት የምታህል፣ አርግዛ፣ ወልዳ፣ አሁንም ያቀፈች ዓሣ ናት። ልጅ አይደለችም፣ አሮጊት ናት።

አባቴ ተቀብሎኝ ለረጅም ጊዜ አያት። «እናት ናት እንግዲህ» አለና ገንዳው ውስጥ መለሳት። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከበፊቱ ይልቅ አዘነላቸው።

የሁዳዴ ነገር ደግሞ አለ። ከተማ ውስጥ በጾም ዓሣ የሚበላው ብዙ ነው፣ ባሕር ዳር እንዲያውም ገበያው የሚሞቀው አሁን ነው። እናቴ ዘንድ ግን አይሠራም። «ደም ያለው ሁሉ ያው ነው» ብላ ምጣዷን አስጠጋች። ስለዚህ ለልጆች ተጠበሰ፣ ለጎረቤት ታደለ፣ የተረፈው ማንጎ ሥር ተቀበረ።

የካቲት 9፣ ዓርብ

ደቦ። አሥራ አራት ሰው መጣ። እናቴ ጠላና ንፍሮ አቀረበች። ደለሉ የሚወጣው በባሬላ ነው፣ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ። አካፋው ሲገባ እንደ ቅቤ ነው፣ ሲወጣ ይሳባል፣ ጭቃው አልለቅ ይላል። ከሥሩ የወጣው ዝርዝር፦ ሁለት ነጠላ ጫማ (ሁለቱም የግራ)፣ አንድ ማረሻ፣ የፕላስቲኩ ቁርጥራጭ፣ አንድ የተሰበረ ማድጋ። ማረሻውን አባቴ አወቀው። ከአሥር ዓመት በፊት ጎረቤቱን ጠርጥሮት ኖሯል። ጎረቤቱ አጠገቡ ባሬላ ይዞ ቆሟል። ሁለቱም ምንም አላሉም።

ሽታው ለምሳ አይመከርም።

የካቲት 13–15

ሦስቱ ዋና ቀናት። በዘመቻው ጊዜ የተቆፈረው ጉድጓድ ለዓሣ አይሆንም። ግድግዳው እንደ ጉድጓድ ቤት ቀጥ ያለ ነው፣ 3 ሜትሩ ደግሞ ዓሣውን ምንም አይጠቅመውም። ፀሐይ ደርሶት አረንጓዴ የሚሆነው የላይኛው ውሃ ነው፣ የዓሣው ምግብም እዚያ ነው ያለው። ሥሩ ቀዝቃዛና አየር የሌለው ሆኖ ይቀራል። ይኸው ጥጃ ገብታ መውጣት አቅቷት ያለቀችውም በዚያ ግድግዳ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ግድግዳውን ቆርጠን ተዳፋት አደረግነው። አንድ ሜትር ወደ ታች ሲወርድ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። የተቆረጠው ጠንካራ አፈር ተመልሶ ወለሉን ሞላ። አሁን ላይዋ 16 በ14 ነው፣ ጥልቀቷ ከላይኛው ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ከታችኛው 1.3 ሜትር። በታችኛው ግድብ በኩል የ110 ፒቪሲ ቱቦ ቀበርን። ውስጥ በኩል ኤልቦ (የቱቦ መታጠፊያ)፣ በእሱ ላይ የቆመ ቱቦ። ቱቦው ሲቆም ውሃው በልኩ ይቆማል፣ ሲጋደም ኩሬዋ ትፈሳለች። ከእንግዲህ ሞተር አልለምንም።

ግድቡ ላይ የበቀሉት አራት ባሕር ዛፎች ተቆረጡ። አባቴ «ማገር ይሆኑ ነበር» እያለ ዞረ። ጉቶውን ብቻ ሳይሆን ሥሩን መንቀል ነው ያደከመን። ሥሩ ግድቡ ውስጥ ቢበሰብስ ቀዳዳ ይተዋል።

አንድ ነገር ቀረ። መሐሉ ላይ የምጣድ ስፋት ያላት ረግረግ አልደርቅ ብላለች፣ ውስጧ ደግሞ የሚንቀሳቀስ አለ። ወንድሜ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃ በጠበጠ። ጣና ዳር የድሮ ሰው ዓሣ ያሰክርበት የነበረው ነው። ሐይቅና ወንዝ ውስጥ መጠቀም ወንጀልም ነውርም ነው፣ ትንሹንም ትልቁንም ይፈጃል። መውጫ የሌላት ጭቃ ውስጥ ግን እኛ የፈለግነው ያንኑ ነበር። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አሥራ ሰባት ዓሦች ሆዳቸውን ሰጡ። ከብት እንዳይቀርብ ዙሪያዋን በእሾህ አጠርናት። ብርብራው በፀሐይ በቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣል።

አንዲትም እንዳልቀረች እርግጠኛ ነኝ። ከበረት ጀርባ ያለው የከብት ማጠጫ ገንዳ በሰሌን ተሸፍኖ አየሁና አባቴን ጠየቅኩት። «ለጥጃዋ ነው፣ ቅጠል እንዳይገባባት» አለኝ።

መጋቢት 13፣ በስልክ

ወንድሜ ደወለ። ወለሉ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ይህን ነበር የምጠብቀው። ፀሐይና አየር ገብቶ የተረፈውን ብስባሽ ይጨርሰዋል።

ቀጣዩ ኖራ ነው። የሜጫ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፣ ለስንዴውና ለበቆሎው ኖራ የሚታደለው ለዚሁ ነው። ኩሬም ከዚያው አፈር ነው የተሠራው። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ፍግ ብትጨምርበትም ውሃው እምቢ ይላል፣ አረንጓዴ አይሆንም። ግማሽ ኩንታል ወለሉና ተዳፋቱ ላይ እንዲበትን ነገርኩት። አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍንም ነገርኩት። «እሺ» አለ። እሺ ሲል ግን አውቀዋለሁ።

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

ውሃ ገባ! ከቦይ ለመጥለፍ የውሃ አባቱን፣ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለውን ሽማግሌ፣ ማስፈቀድ ነበረብን። ሽማግሌው ኩሬዋን ዞረው አዩና «ዓሣ ውሃ አይጠጣም፣ ቢጠጣም አይጨርስም» ብለው በየአምስት ቀኑ የአንድ ሌሊት ተራ ሰጡን። መግቢያው ላይ አጎበር በሁለት ድርብ አሰርን። ቦዩ ከግድቡ የሚያመጣው የዱር ዓሣ እንቁላልና ጫጩት አለ፣ ያን ሁሉ ደክመን በቦይ በኩል መልሰን ብናስገባ መሳቂያ ነው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሐሙስ ማታ እንጨት ላይ ምልክት አድርገው ነበር። ዛሬ ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ሁለት ስንዝር ወርዷል። የመጀመሪያ ውሃ አፈሩን ማርጠብ ስላለበት ትንሽ መውረዱ ያለ ነው። ይህ ግን ትንሽ አይደለም። ጥርጣሬዬ ሁሉ ቱቦው ላይ ነው። እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ ጎንና ጎኑን በደንብ አልደቀደቅኩት ይሆናል።

ሚያዝያ 23

ዛሬ የላብ አደሮች ቀን ነው፣ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ልቆፍር ብዬ ገሰገስኩ። ለካ እዚህ የጊዮርጊስ ዓመታዊ ነው። እኔ ላብ አደር፣ እነሱ በዓል አክባሪ። ዶማ የሚሰጠኝ አጣሁ።

ቁጭ ብዬ ማየት ግን አልተከለከለም። ግድቡን በውጭ በኩል ቀስ ብዬ ዞርኩት። ቱቦው አካባቢ አፈሩ ድርቅ ያለ ነው። ከእሱ ስምንት እርምጃ ራቅ ብሎ ግን የበርኖስ ስፋት ያህል ቦታ ላይ ሣሩ ያለወቅቱ ለምልሟል። በጫማዬ ስረግጠው ጨቀየ። ውሃው የሚወጣው እዚህ ነው። አባቴ መጥቶ አየና አንድ ቃል ተናገረ፦ «ፍልፈል።»

ግንቦት 20፣ ሰኞ

የመንግሥት በዓል፣ የገበሬ የሥራ ቀን። በመጨረሻ ገጠመልን።

ኩሬዋ እንደገና ፈሳለች፣ ቱቦውን ማጋደም ብቻ ነበር። ከለመለመው ሣር ተነሥተን ግድቡን አቋርጠን ቦይ ቆፈርን። የፍልፈሉ መንገድ ክንድ በሚያህል ጥልቀት ላይ ተገኘ። እጄ እስከ ክርኔ ገባ። ግድግዳው በጥፍር የተለሰነ ይመስላል፣ እኛ በመደቅደቂያ ያላገኘነውን ልስላሴ እሱ አግኝቶታል። ፍልፈሉ ግን አልነበረም።

ከታች ከረባዳው መሬት ጥቁር ጭቃ በአህያ አመጣን። የትኛው አፈር ውሃ እንደሚይዝ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አርጥበህ በጡጫህ ጨብጥ፣ ወደ ላይ ወርውረህ ያዘው። ከፈረሰ ተወው። ሳይፈርስ ከተመለሰ፣ እሱ ነው። ቦዩን እየመረግን፣ በየጣት ውፍረቱ እየደቀደቅን ዘጋነው።

ከዚያ አባቴ የራሱን ሐሳብ አመጣ። ለጤፍ መሬት እንደሚያስረግጡት ወለሉንም በከብት እናስረግጥ አለ። ጥቁሩን ጭቃ ወለሉ ላይ በትነን፣ ውሃ ረጭተን ስድስት ከብት አስገባን። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ዞሩ። አባቴ ከኋላቸው እየዘፈነ ነው። በሬው መሐል ላይ ቆሞ ሽንቱን ለቀቀ፣ «ማዳበሪያውንም ጀመረልን» አለ።

በቀጣዮቹ ሦስት ሌሊቶች ምልክቱ ከአንድ ጣት በላይ አልወረደም። እኔ የቀበርኩት ቱቦ ንጹሕ መሆኑ ይመዝገብልኝ።

ሰኔ 9፣ ቅዳሜ

ማዕዘኑ ላይ በእንጨት አጥር ከልለን ፍግና ለጋ ሣር ከመርንበት። እየበሰበሰ ውሃውን ይመግባል። ውሃው መልኩን እየቀየረ ነው፣ እንደ ቀጭን የጎመን መረቅ። መለኪያው ክንድ ነው። መዳፍህን ዘርግተህ ክንድህን ቀጥ አድርገህ ስትሰድ፣ ውሃው ክርንህ ላይ ሲደርስ ጣቶችህ መጥፋት አለባቸው። ከዚያ በፊት ከጠፉ ፍጉ በዝቷል። ክርንህ አልፎም ከታዩ ምግብ የለም። ዛሬ እስከ ክርኔ ሰድጄም ጣቶቼን እያየኋቸው ነው። ሁለት ሳምንት ይጠብቃል።

አንድ ጎረቤት ለጥላ እንዲሆን እምቦጭ ከጣና እናምጣ አለ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ሰኔ 23፣ ቅዳሜ

ጫጩቶቹ መጡ። 450፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሁለት ማለት ነው። ባሕር ዳር ካለው የምርምር ማዕከል በጠዋት ተረከብኩ። ስድስት ወፍራም ፌስታል፣ እያንዳንዱ ሲሦው ውሃ፣ የቀረው ኦክስጅን። አምስቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ከእግሬ ሥር አደረግኩ። ስድስተኛውን ቦታ አጥቼ በሚኒባሱ መስኮት በኩል አቀፍኩት። ፀሐይዋ ደግሞ በዚያው በኩል ነበረች። መራዊ ስንደርስ ፌስታሉ እጄ ላይ ሞቅ ብሎኛል። 31 ሞቱ። ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም።

የተረፉትን ከነፌስታሉ ውሃው ላይ አንሳፈፍን። የሁለቱ ውሃ ሙቀት እስኪስተካከል ድረስ ሃያ ደቂቃ። አባቴ አሁንም አሁንም «በቃ አሁን ልቀቃቸው» ይላል። ከዚያ ፌስታሉን ፈትተን የኩሬውን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርንበት። ራሳቸው ዋኝተው ወጡ። አንድ አፍታ ጠርዙ ላይ ቆሙ። ወዲያው ጠፉ።

ምግባቸው ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ አንዳንዴም የጠላ አተላ ነው። በጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ።

ነሐሴ 12

ወንድሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ደወለ። «ዓሦቹ በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ነው፣ የራባቸው ይመስለኛል፣ ልጨምርላቸው?»

አልራባቸውም። ታፍነዋል። አራት ቀን ፀሐይ አልወጣችም። አልጌው ኦክስጅን የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ሌሊት ደግሞ እሱም ይተነፍሳል። ጠዋት ላይ የሚተርፍ የለም። ስንት ፍግ እንደጨመረ ጠየቅኩት። ጸጥ አለ። በሳምንት አንዴ ያልኩትን በየቀኑ አንድ አንድ ቅርጫት ያደርግ ኖሯል፣ «ቶሎ እንዲያድጉ።»

ምግብም ፍግም አቁም አልኩት። የቦይ ውሃ በክረምት ዝግ ነው። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ በባልዲ ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው እንዲያፈሱት አደረገ፣ ፀሐይ እስክትወጣ። ለልጆቹ ጨዋታ ነበር። ዘጠኝ ዓሣ ሞተ። ሊያልቁ ይችሉ ነበር።

ጥቅምት 3፣ 2011፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለናሙና አወጣን። ምግብ የሚበሉበት ቦታ ላይ አጎበር ዘርግተን ፋጉሎ በተንን፣ ሲሰበሰቡ በአራት ማዕዘን አነሣነው። የሱቅ ሚዛን ተውሼ ነበር። ሃያ መዘንኩ። አብዛኞቹ ከ55 እስከ 70 ግራም ናቸው፣ አንድ ጉልቤ 95 ሞላ። ለሦስት ወር ተኩልና ወደ 2,000 ሜትር ለሚጠጋ ከፍታ አልከፋኝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ መብላት ይቀንሳሉ፣ እድገቱ ይዘገያል። እነዚህም መዋለዳቸው ስለማይቀር የተወሰነ አምባዛ አምጥቼ እጨምራለሁ፣ ጫጩት ጫጩቱን እየለቀመ ይቆጣጠርልኛል።

ሃያ አንደኛዋን ሳነሣ ቀለለችብኝ። ጠቆር ያለች፣ ጣት የምታህል። ከአዲሶቹ አንዷ ቀጭጫ ይሆን አልኩና አፏን ከፈትኩት። ቢጫ እንቁላል።

ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። እሱ የበረቱን ጣሪያ ያያል።

«አባዬ።»

«ሦስት ብቻ ናቸው» አለ። «ገንዳው ለጥጃዋ ሲጠብባት ጊዜ።»